ከማኅተሙ በፊት ምሰሶው ይታይ

"ሕገወጥ ግንባታ" የሚለው ሐረግ በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን በተነገረ ቁጥር የሚከተለው ግስ አንድ ነው፤ "ፈረሰ" ወይም "ይፈርሳል"። ለመሆኑ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከእነዚህ ዜናዎች በአንዱ ውስጥ የፈረሰው ቤት መሠረቱ ጥልቀት ያልነበረው፣ ግድግዳው የተጣመመ፣ ጣሪያው በተኙ ልጆች ላይ ሊወርድ የተቃረበ እንደነበር ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? እኔ አልሰማሁም። ቤቱ ሕገወጥ የተባለው ወረቀት ስለሌለው ነው። ወረቀት ያለው ቤት ደግሞ ቋሚው በምስጥ የተበላ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ቢሆንም ሕጋዊ ተብሎ ይኖራል።

የግንባታ ፕላን ለሹም አቅርቦ የማጸደቅ ሥርዓት በዓለም ላይ የተፈጠረው በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነበር፤ "ይህ ቤት ሰው ይጎዳልን?" የሚል። ለንደን በ1666 እ.ኤ.አ. ከተቃጠለች በኋላ በማግሥቱ ዓመት የወጣው ሕግ አዳዲስ ቤቶች በጡብና በድንጋይ እንዲሠሩ ያዘዘው እሳት ከቤት ወደ ቤት እንዳይዘል ነው። በእኛ አገር ግን ጥያቄው ቀስ በቀስ ተለውጦ "ማን ፈቀደልህ?" ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ ቦታው ይመለስ የሚል ነው። ክርክሬንም የማቀርበው ፎቅ በፎቅ ላይ የሚደራረብባትን አዲስ አበባን ሳይሆን፣ የእናቴ ወገን አገር የሆነችውን ይጁቤን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ነው።

ይጁቤ በምሥራቅ ጎጃም የባሶ ሊበን ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚያዘነብለው ምድር ላይ ትገኛለች። በ19ኛው ምእት ዓመት የባሶ ገበያ በመባል ይታወቅ የነበረው ታላቅ ገበያ የሚቆመው እዚህ ነበር። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ማፈሪያችን የሆነው የባሪያ ንግድም ጭምር፣ ከሰሜን ከሚወርደው አሞሌ ጨው ጋር እዚያ ይገናኝ ነበር። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎጃምን የጎበኘው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ይህንን ማንሣቴ የአገር ጉራ ለመንዛት አይደለም። በገበያ ከተማ ቤት ማለት መኖሪያ ብቻ አለመሆኑን ለማስታወስ ነው። ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል ሱቅ ይሆናል፤ ጓዳው ጠላ ቤት ይሆናል፤ ከጀርባ የሚቀጠለው ሰርቪስ ለመምህር ወይም ለነርስ ይከራያል። ቤት ሲለወጥ የሚለወጠው የቤተሰቡ መተዳደሪያ ነው።

እዚህ ላይ ሕገ መንግሥቱን ልጥቀስ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ ንኡስ ቁጥር 7፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እንግዲህ ለከተሜው የቀረለት የእኔ የሚለው ነገር ግድግዳው፣ ጣሪያውና በእነርሱ ላይ የሚጨምረው ነው። ያንን ለመጨመር፣ ለማስፋት፣ ለመለወጥ የሚጠየቀው ፈቃድ እንደ ተራ የቢሮ ጣጣ ሊታይ አይገባውም። የዜጋው ብቸኛ ርስት በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነውና፣ ዘበኛው ምን እንደሚጠብቅ መጠየቅ የዜግነት ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ምን መጠበቅ ነበረበት? ሰው ቤቱን ሲለውጥ ምን እንደሚያደርግ ከመነሻው እንመልከት።

የደጋው ነባር ቤት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገርና ጭቃ ነው። ብዙ ሰው ግድግዳውን ጭቃው ያቆመው ይመስለዋል። የጣሪያውን ሸክም ወደ ምድር የሚያወርዱት ግን ቋሚዎቹ ናቸው፤ ማገሩ ቋሚዎቹን እርስ በርሳቸው ያያይዛል፤ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ሁሉንም ጨብጦ ከጎን ግፊት ይጠብቃቸዋል። ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ አፍርሶ ሰፊ የብረት በር ሲያስገባ፣ ሦስት አራት ቋሚ አብሮ ይነቅላል። የእነርሱን ሸክም የሚቀበል አግዳሚ ካልተተካ፣ ጣሪያው በሁለቱ ጠርዞች ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። አንድ ሽማግሌ አናጢ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ፣ "አያ፣ ይህ መካከለኛው ቢወጣ ምን ይላል?" ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ "ልጄ፣ እሱ ከወጣ ጣሪያው የት ይቀመጣል?" አሉኝ። የምህንድስና ትምህርት ቤት በአንድ ሴሚስተር የሚያስተምረውን በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

ሁለተኛው የተለመደ ለውጥ ጭቃውን በብሎኬት መተካት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጣሪያው ሳይነሣ፣ ግድግዳ በግድግዳ እየተፈረሰ ይሠራል። ብሎኬት ከላይ የሚመጣ ክብደትን ይሸከማል፤ ከጎን የሚገፋውን ግን ብቻውን አይችልም። ስለዚህ ከታች በኮንክሪት የታሰረ መሠረት፣ በማእዘኖቹ ብረት ያላቸው ዓምዶች፣ ከላይም ግንበኞች "ቶፕ ታይ ቢም" የሚሉት ዙሪያውን የሚያስር ቀበቶ ያስፈልገዋል። ይህ ቀበቶ ከዓይን የተሰወረ ስለሆነ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው። ልስን ከተለሰነና ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀበቶ ያለውን ከሌለው የሚለይ ዓይን የለም። ለዚህም ነው ቁጥጥር ሥራው ከተሸፈነ በኋላ ሳይሆን በየደረጃው መደረግ ያለበት።

አፈሩም አለ። በጎጃም ደጋ በብዙ ቦታ የምናውቀው ዋልካ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በእርሱ ላይ ያለ በቂ መሠረት ያረፈ ግድግዳ በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል። የጭቃ ቤት ይህንን እየተለጠጠ ያሳልፈዋል፤ ስንጥቁም በሚቀጥለው ዓመት በጭቃ ይለሰናል። ብሎኬት ግን አይለጠጥም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ "ከጭቃ ወደ ብሎኬት" የምንለው እድገት መሠረቱ ካልተለወጠ አንዳንድ ጊዜ ወደ ከፋ አደጋ የሚደረግ ጉዞ ነው። በብሎኬት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የተሻለ ቤት ውስጥ አለ ብለው ለሚያስቡ ወገኖች ይህ ሊዋጥላቸው እንደማይችል አውቃለሁ።

ከዚያ ደግሞ ትንንሾቹ አሉ፤ ትንሽ የሚመስሉት። ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ስለሚመጣ ሮቶ ከፍ ተደርጎ ይሰቀላል። ሁለት ሺሕ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ ሁለት ቶን ይመዝናል፤ ይህም ሃያ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። ሃያ ኩንታል ጤፍ በአራት ቀጫጭን ባሕር ዛፍ ላይ፣ ያውም ከመኝታ ቤት ራስጌ በላይ፣ የሚሰቅል ሰው የለም፤ ሮቶ ሲሆን ግን እንሰቅላለን። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከግድግዳ ሥር ይቆፈራል፤ የጎረቤት ግድግዳም ሊሆን ይችላል። ሰርቪሱ እስከ አጥሩ ተለጥጦ ይሠራና የጣሪያው ውኃ በጎረቤት መሠረት ላይ ክረምቱን ሙሉ ይንጠባጠባል። ስንት የወሰን ክርክር፣ ስንትስ ቂም፣ ከዚህ ከጠፈጠፍ ውኃ እንደተነሣ የጎጃም ሽምግልና ያውቀዋል።

እንግዲህ ዘበኛው ሊጠብቀን የሚገባው ከእነዚህ ነበር። ሕጉስ ምን አለ?

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ በ2003 ዓ.ም. ከተከተለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 243 ጋር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህንን ነገር በአገር አቀፍ ደረጃ መልክ ለማስያዝ ሞክሯል፤ ሙከራውም ከንቱ አልነበረም። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ "ሀ" በሁለት ተሸካሚ አካላት መካከል ያለው ርቀት ከሰባት ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ሕንፃንና ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ የግል መኖሪያ ቤትን ያዘ። ምድብ "ሐ" ሕዝብ የሚገለገልባቸውን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ጠቀለለ። በመካከል ያለው "ለ" ሆነ። ፈቃድ የሚያስፈልገው አዲስ ለሚሠራ ብቻ አልነበረም፤ ነባሩን ለማስፋፋት፣ ለማሻሻል፣ አገልግሎቱን ለመለወጥና ለማፍረስም ጭምር ነበር። ባለቤቱ በመጀመሪያ የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ ይህም ያሰበው ነገር ከከተማው ፕላን ጋር የማይጋጭ መሆኑን ማረጋገጫ ነው። ከዚያ ንድፉን ለሕንፃ ሹሙ ያቀርባል። በሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድም ተደንግጎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ይህንኑ አዋጅ በአዲስ የሚተካ ረቂቅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀረበ። አንቀጾች ይለዋወጣሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በ2001 ዓ.ም. የተተከለው አስተሳሰብ ነው።

ያ አስተሳሰብ ትልልቅ ከተሞችን እያየ የተጻፈ ነበር። አዋጁ በዋናነት የታሰበው አሥር ሺሕና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የባሶ ሊበን ወረዳ የከተማ ነዋሪ በጠቅላላው አሥር ሺሕ አልሞላም ነበር። ስለዚህ አዋጁ ሲወጣ እንደ ይጁቤ ያሉ ከተሞች ከደጃፉ ውጭ ቆመው ነበር። (በነገራችን ላይ አገሪቱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ አላካሄደችም። የከተማን ልክ በሕዝብ ቁጥር የሚለካ ሕግ ያላት አገር ሕዝቧን መቁጠር ከተወች ይኸው ወደ ሃያ ዓመት ተጠጋች።) ጣሪያ የሚወድቅበት ሰው ግን በከተማው ውስጥ ዘጠኝ ሺሕ ሰው ይኑር አሥራ አንድ ሺሕ ጉዳዩ አይደለም።

የሚገርመው፣ ቁጥር የማይጠይቅ፣ ከይጁቤ እስከ ሐረር እኩል የሚሠራ ሕግ ከዚያ ቀደም ብሎም ነበረን፤ አሁንም አለን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2078 የሌላ ሰው ሕንፃ ንብረቱን የሚያሰጋበት ሰው፣ ባለቤቱ አደጋውን ለማስቀረት አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ሊያስገድደው እንደሚችል ይፈቅዳል። ቁጥር 3039 ደግሞ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ለአሥር ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ጎረቤት እስኪወድቅበት መጠበቅ የለበትም ማለት ነው። ይህንን መብቱን የሚያውቅ የትንሽ ከተማ ነዋሪ ግን ስንት ነው? ስለ ሊዝ ጨረታ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምቻለሁ፤ ስለ ቁጥር 2078 ሲለፈፍ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ቢሮው በር እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘመዴ፣ በይጁቤ ሳይሆን ስሙን በማልጠቅሰው በሌላ ከተማ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ለመጨመር ፈቃድ ጠየቀ። "ፕላን አሠርተህ ና" ተባለ። ፕላን ማሠራት የሚቻልበት ሱቅም ተጠቆመው። ያመጣው ወረቀት ውብ ነበር፤ መጥረቢያ ያልነካው ደልዳላ መሬት ላይ የተቀመጠ ሁለት ክፍል፣ በስተግራ ዛፍ፣ በስተቀኝ መኪና። የዘመዴ ግቢ ግን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ኋላ የሚያዘነብል ነው፤ መኪና ቀርቶ ጋሪ አይገባበትም። ወረቀቱ በዚያው ቀን ማኅተም አገኘ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግቢውን ያየ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ከቆይታ በኋላ የዚያው ንድፍ ፎቶ ኮፒ፣ ከነዛፉና ከነመኪናው፣ በሁለት ሰፈር ርቀት ላለ ሌላ ሰው ተሸጦ አየሁ። እዚህ ላይ የተፈጸመው ምንድን ነው? ሕጉ በፊደሉ ተከብሯል፤ ማንም ሕግ አልጣሰም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ለሕጉ ጥያቄ መልስ የሰጠ አንድም ሰው የለም።

ይህ የአንድ ቢሮ ጥፋት ነው ብዬ አላምንም፤ ጉቦ ብቻም አያብራራውም። በትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ያለ ባለሙያ መሬት ያስተዳድራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ የወሰን ክርክር ያያል፤ መኪና የለው፣ አበል የለው። የሚሠራበት ቅጽም ከላይ የወረደለት የምድብ "ለ" ሕንፃ ቅጽ ነው። ስለ ባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ስለ ጭቃና ስለ ማገር የሚጠይቅ አንድ መስመር የለበትም። የአብዛኛው ሕዝብ ቤት የተሠራበትን ቁሳቁስ የማያውቅ ቅጽ ይዞ ስለ ደኅንነት ሊጠይቅ አይችልም። የቀረው ሥራ ማኅተም መምታት ነው።

ደግሞም ፈቃዱን ለመጠየቅ መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ማቅረብ ግድ ነው። እዚህ ላይ ሰንሰለቱ ይጠብቃል። ካርታ የሌለው ሰው ስለ ምሰሶው ምክር ሊጠይቅ ወደ ቢሮ ቢሄድ፣ ራሱን አጋልጦ ይመለሳል። ስለዚህ አይሄድም። አገሪቱ በሙሉ "ጨረቃ ቤት" የሚለውን ቃል ታውቀዋለች፤ ባለቤቱና ዘመዶቹ በጨረቃ ብርሃን ተሠማርተው ሲነጋ ቆሞ የሚገኝ ቤት ነው። ስለ ጨረቃ ቤት ብዙ የተባለው ስለ መሬት ወረራ ነው። ከደኅንነት አንጻር ግን አንድ ሌላ ነገር እናስተውል፤ በአንድ ሌሊት የሚሠራ ቤት መሠረቱ አይቆፈርም፣ ጭቃው አይቦካም፣ የቋሚው ሥር በእሳት ተለብልቦ ወይም በተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ከምስጥ አይጠበቅም። ሕጋዊው መንገድ በረዘመ ቁጥር ቤቱ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል፤ ሰዓቱ ባጠረ ቁጥር ቤቱ ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ስለ ሕዝብ ደኅንነት ወጣሁ የሚለው ሥርዓት በራሱ ጭካኔ አደጋን ያመርታል።

የመንግሥት መልስ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የካቲት ወር በለገጣፎ ለገዳዲ ያየነው ነው። ቤተሰቦች ዓመታት ከኖሩበት፣ አንዳንዶቹም መብራትና ውኃ ከገባላቸው ቤት ወጡ፤ ዶዘር ገባ። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ፣ ከደጋፊም ሆነ ከተቃዋሚ በኩል፣ ቤቶቹ ጠንካራ ነበሩ ወይስ ደካማ የሚል ጥያቄ አልተነሣም። ዶዘሩ ጠንካራውንም ደካማውንም እኩል ይገፋል።

ከዚህ ተነሥቶ "እንግዲያው ፈቃድ የሚባል ነገር ይቅር፣ ሰው እንደፈለገ ይሥራ" የሚል ካለ ወደ ሴኡል ልውሰደው። የሳምፑንግ የገበያ አዳራሽ መጀመሪያ ሲታሰብ አራት ፎቅ ነበር። ባለቤቶቹ በኋላ አገልግሎቱን ለወጡ፣ ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ለማግኘት ዓምዶችን ነቀሉ፣ አምስተኛ ፎቅ ጨመሩ፣ በጣሪያው ላይ ከባድ የአየር ማቀዝቀዣዎችን ጫኑ። ለውጦቹን ያጸደቁ ሹማምንት ጉቦ ተቀብለው ነበር። ሕንፃው ሰኔ 29 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ሲደረመስ 502 ሰዎች ሞቱ። የይጁቤው ሱቅ በርና የሴኡሉ ተንቀሳቃሽ ደረጃ በመጠን እንጂ በጠባይ አይለያዩም፤ በሁለቱም ሸክም ተሸካሚው ተነቅሎ ምትክ አልተሰጠውም። ቱርክም ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። በ2018 እ.ኤ.አ. መንግሥቷ ያለ ፈቃድ ለተሠሩና ለተለወጡ ሕንፃዎች ክፍያ እየተቀበለ ምሕረት አደረገ። ሕንፃዎቹን የመረመረ ግን አልነበረም፤ የባለቤቱ ቃል በቂ ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 6 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.፣ ምድር ተናወጠችና በቱርክ ብቻ ከ50 ሺሕ በላይ ሰው አለቀ። እርግጥ ነው የሞቱት ሁሉ ምሕረት በተደረገላቸው ሕንፃዎች ውስጥ አልነበሩም። ወረቀት በመሸጥ ቤት እንደማይጠነክር ለማወቅ ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሩቅ አገር ምን አስኬደኝ? መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእመቤታችን ዕለት፣ በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ፣ በግንባታ ላይ በነበረችው የአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ምእመናን ሞቱ፤ ከሁለት መቶ በላይ ቆሰሉ። ለበዓል የመጡ፣ ሥዕሉን ለማየት የወጡ ሰዎች ነበሩ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ሐዘኑን ወደ ክርክር መለወጥ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን በሕጉ አነጋገር ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ነው፤ ርብራቡም በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ አካል ነው። በየደብሩ፣ በየመስጊዱ፣ በየትምህርት ቤቱ ሕዝብ ከኪሱ አውጥቶ የሚሠራውን የሚያይ ዓይን ማን ነው? "የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ ምን ፈቃድ ያሻዋል?" የሚለው አነጋገር ከእምነት የመጣ አይመስለኝም፤ ፈቃድ ማለት ቀረጥ ማለት እንደሆነ ከተማርንበት ልማድ የመጣ ነው።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ደግሞ ነገሩን አስቸኳይ ያደርገዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት፣ ጎጃምን ጨምሮ፣ ብዙ የወረዳና የከተማ ቢሮዎች ሲዘጉና ሲከፈቱ፣ ባለሙያዎች ሲሰደዱ ከርመዋል። ቤት ግን አይጠብቅም። ተፈናቃይ ዘመድ ሲመጣ ክፍል ይጨመራል፤ የተመታ ግድግዳ ይጠገናል፤ የተቃጠለ ሱቅ ይታደሳል። ይህ ሁሉ ያለ ማኅተም የሚሠራ ነው፤ ማኅተሙን የሚመታ በሌለበት ከዚህ የተለየ መጠበቅም አይቻልም። አንድ ቀን ግን ቢሮው ይከፈታል፤ ማንም ይክፈተው። ያን ቀን በጠረጴዛው ላይ ሁለት የቆዩ ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የለገጣፎው መንገድ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሠራውን ሁሉ ሕገወጥ ብሎ ማፍረስ፣ ወይም የማፍረስን ማስፈራሪያ ለታማኝነት መያዣ ማድረግ። ሁለተኛው የቱርኩ መንገድ ነው፤ ክፍያ ተቀብሎ ሁሉንም ሕጋዊ ማለት። ካዝናው ባዶ ለሆነ አስተዳደር ሁለተኛው በጣም ይጣፍጣል። እኔ ግን የምፈራው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ጩኸት ያስነሣል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። የይዞታ ጥያቄና የደኅንነት ጥያቄ ይለያዩ። ካርታ ያለው የሌለው ሳይባል፣ ማንም ሰው "ይህን ቋሚ ልንቀል ነው፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ሲጠይቅ ምክር የሚያገኝበት፣ የሰጠውም መረጃ ለማፍረሻ ማስረጃ የማይሆንበት ሥርዓት ይኑር። ቀለም ለመቀባት፣ ቆርቆሮ ለመቀየር፣ ጭቃ ለመለሰን ማንም ማንንም ፈቃድ አይጠይቅ፤ ሸክም ተሸካሚ ሲነካ፣ ፎቅ ሲጨመር፣ ጉድጓድ ከግድግዳ ሥር ሲቆፈር፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ ሲሠራ ግን ሹሙ ወረቀት ሳይሆን ግቢውን ይይ። በጦርነቱ ዓመታት የተጨመሩትም ክፍሎች በዚሁ ሚዛን ይመዘኑ፤ የጸና ይመዝገብ፣ የደከመ እንዴት እንደሚጠገን ይነገር፣ አለመፍረሱ ሰው የሚገድል ብቻ ይፍረስ፤ እርሱም ለነዋሪው ሌላ መጠለያ ከተገኘ በኋላ።

"ባለሙያ የት አለ?" ይባል ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ቅርብ ናት፤ ዩኒቨርሲቲም፣ በውስጡም የሲቪል ምህንድስና ትምህርት ክፍል አላት። መንገዱ ሰላም ሲሆን ተማሪዎች በተግባር ልምምዳቸው ወቅት ለይጁቤና መሰል ከተሞች አንድ ገጽ ማዘጋጀት አያቅታቸውም፤ ያንንም ከአካባቢው አናጢዎችና ግንበኞች ጋር ተቀምጠው ቢጽፉት ይበልጥ ይሰምራል። በአማርኛ፣ በሥዕል፣ ጽሑፍ ለማያነብም እንዲሆን። ለሱቅ በር ግድግዳ ሲከፈት የሚተካው አግዳሚ ምን ያህል ይወፍር? ለብሎኬት ግድግዳ ስንት ሜትር በስንት ሜትር ዓምድ ይቁም? በዋልካ ላይ መሠረቱ ምን ያህል ይውረድ? ሮቶ በምን ላይ ይቀመጥ? ጉድጓድ ከግድግዳ ስንት እርምጃ ይራቅ? የጠፈጠፍ ውኃ በየት ይውረድ? ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ ሥራ የሚቆም ርብራብ በስንት ሰው ይወሰን፣ በበዓል ቀንስ ለምን ይዘጋ? በገጹ ግርጌም ቁጥር 2078 በቀላል አማርኛ ይጻፍበት፣ ከዚያም በማዘጋጃ ቤቱ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅና በብሎኬት መሸጫው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።